ለፒካፕ መኪና ቁልፍ ያለው የነዳጅ ክዳን እንዴት ይመረጣል?

በ2017 ዓ.ም. ቤንዚን በሊትር 100 ብር ካለፈ፣ ናፍጣም ተከትሎት ከወጣ ወዲህ፣ 80 ሊትር ገደማ የሚይዝ የሃይሉክስ ሳልባትዮ (የነዳጅ ታንክ) ሞልቶ ደጅ ሲያድር ከ8 ሺህ ብር በላይ መንገድ ዳር አደረ ማለት ነው። ያ ነዳጅ የተገኘው ግማሽ ቀን ተሰልፎ ከሆነ ደግሞ ኪሳራው በብር ብቻ አይቆጠርም። ስለዚህ ቁልፍ ያለው ክዳን የሚፈልገው ሰው በዝቷል፤ ሱቁም በየዓይነቱ ሞልቷል።

ብዙ ሰው ግን ሲገዛ የሚያየው ቁልፉን ነው። ቁልፉ ይጠነክራል ወይ፣ ብረት ነው ወይ ይላል። እኔ የምመክረው ቅደም ተከተል ሌላ ነው፤ መጀመሪያ ክዳኑ በመኪናው አፍ ላይ በትክክል መግጠሙ፣ ቀጥሎ እንደ ፋብሪካው ክዳን መተንፈሱ፣ ቁልፉ በሦስተኛ ደረጃ። ያልገጠመ ወይም የማይተነፍስ ክዳን ቁልፉ የባንክ ካዝና ቢሆን እንኳ ሌባ ከሚያደርሰው የባሰ ጉዳት በራስ መኪና ላይ ያደርሳል።

1. ሱቅ ከመሄድዎ በፊት መኪናው ስር ይግቡ

ፒካፕ ከቤት መኪና ይልቅ ለሌባ ይመቻል። ከመሬት ከፍ ያለ ስለሆነ ክሪክ ሳያስፈልግ ስሩ ይገባል፤ ሳልባትዮውም ብዙውን ጊዜ ከሻንሲው ጎን ተንጠልጥሎ ይታያል። ባትሪ ይዘው ይግቡና ሦስት ነገር ይመልከቱ።

አንደኛው የማፍሰሻ ብሎን ነው። ብዙ የቶዮታ ሳልባትዮዎች ከታች በኩል ውሃና ቆሻሻ ማውጫ ብሎን አላቸው። ያ ብሎን በተራ መፍቻ የሚፈታ ከሆነ ሌባው ከላይ ያለውን ክዳን መነካካት አያስፈልገውም፤ ጄሪካን ከስር ደቅኖ ይጠብቃል። ሁለተኛው ከመሙያው አፍ ወደ ሳልባትዮው የሚወርደው ወፍራም ጎማ ነው። በብረት ማሰሪያ ብቻ ስለሚያያዝ በአንድ ካቻቢቴ ይላቀቃል። ሦስተኛው የጎን በሩ፣ ማለትም ክዳኑን የሚሸፍነው ትንሹ በር ነው፤ ከሹፌሩ ወንበር አጠገብ ባለ እጀታ የሚከፈት ከሆነ ኬብሉ አሁንም እየሠራ መሆኑን ያረጋግጡ። በቆዩ መኪኖች ላይ ኬብሉ ተበጥሶ በሩ በጥፍር የሚከፈትበት ጊዜ ብዙ ነው፤ እሱን ማሠራት ከአዲስ ክዳን ሊረክስ ይችላል።

ለማፍሰሻው ብሎን የብረት ሽፋን ጋራዥ ውስጥ ማሠራት ይቻላል። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ነዳጅ ያለበት ሳልባትዮ ላይም ሆነ አጠገቡ ብየዳ አይፈቀድም። ባዶ ነው የተባለ ሳልባትዮ ደግሞ ከሞላው ይልቅ አደገኛ ነው፤ ውስጡ እንፋሎት ይቀራል፤ የሚፈነዳውም ከአየር ጋር የተደባለቀው እንፋሎት ነው። ሽፋኑ ሌላ ቦታ ተበይዶ መጥቶ በብሎን ይታሰር።

2. ያለዎትን ክዳን ይለዩ

ክዳኖች በአገጣጠማቸው በዋናነት ሁለት ናቸው። አንደኛው ጥርስ ያለው፣ ደጋግሞ የሚዞረው ነው፤ ሲጠብቅ ብዙ ጊዜ «ካ ካ ካ» የሚል ድምፅ ያሰማል። ሁለተኛው ሁለት ጆሮ ያለውና ሩብ ዙር ብቻ ዞሮ የሚይዘው ነው። ከሩቅ ሁለቱም ክብ ናቸው፤ ሲገዙ ግን አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም።

ጥርስ ያለው ከሆነ የጥርሱ ስፋት፣ በጥርሶቹ መካከል ያለው ርቀትና ወደ ውስጥ የሚገባው ጥልቀት ይለያያል። «ቶዮታ ለቶዮታ ይገጥማል» የሚባለው አያስተማምንም፤ የቤንዚንና የናፍጣ ሃይሉክስ እንኳ ክዳናቸው ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ ከሁሉ የሚሻለው የድሮውን ክዳን ነቅሎ ይዞ መሄድ ነው። ክዳኑን ይዘው ሲሄዱ የመሙያውን አፍ በንጹሕ ፕላስቲክ ሸፍነው በላስቲክ ይሰሩት፤ ጨርቅ አይጎስጉሱበት፤ ክሩ ወደ ውስጥ ገብቶ ፊልትሮ ይዘጋል። መኪናውንም በዚያ ሁኔታ ረጅም መንገድ አይንዱት።

ከክዳኑ በተጨማሪ የሻንሲ ቁጥሩንና የሞዴሉን ኮድ ከሊብሬው ወይም ኮፈኑ ስር ካለው ሰሌዳ ላይ ፎቶ ያንሱ። የቶዮታ የነዳጅ ክዳን የመለዋወጫ ቁጥር ብዙ ጊዜ በ77300 ይጀምራል፤ ከዚያ የሚቀጥሉት አሃዞች ናቸው ሞዴሉን የሚለዩት። ካርቶኑ ላይ የመጀመሪያዎቹን አምስት ቁጥሮች ብቻ አይቶ «ይሄው ነው» የሚል ሻጭ አይመኑ።

የቅርብ ጊዜ የአሜሪካ ፒካፕ ካለዎት ከመሄድዎ በፊት የጎን በሩን ከፍተው ይዩ። ፎርድ ከ2008 እ.ኤ.አ. ገደማ ጀምሮ ክዳን የሌለው፣ የማደያው አፍንጫ ገፍቶ የሚከፍተው መሙያ ማውጣት ጀምሯል። ለእንዲህ ዓይነቱ ተራ ክዳን አይሆንም፤ ለዚያው ተብሎ የተሠራ ቁልፍ ያለው መክደኛ ያስፈልጋል፤ የጎን በሩን በቁልፍ ማድረግም ሌላ አማራጭ ነው።

3. ትንፋሹ፦ ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጡት የሚገባ ነገር

ሞተሩ ነዳጅ ሲስብ ሳልባትዮው ውስጥ ክፍት ቦታ ይፈጠራል፤ በዚያ ቦታ አየር መግባት አለበት። አየሩ የሚገባበት መንገድ ከመኪና መኪና ይለያያል። በአንዳንዱ በክዳኑ ውስጥ ባለች ትንሽ ቫልቭ ነው። በሌላው ከሳልባትዮው ተነስቶ ወደ ላይ በሚወጣ ቀጭን የመተንፈሻ ቱቦ ነው። በዘመናዊ የቤንዚን መኪና ደግሞ እንፋሎቱ ከሰል ወዳለበት ጣሳ ይሄድና ተመልሶ ሞተሩ ውስጥ ይቃጠላል፤ ክዳኑ በመደበኛው ጊዜ ዝግ ነው፤ ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ ብቻ የሚከፈት ቫልቭ ይኖረዋል።

እንግዲህ በክዳኑ በኩል ይተነፍስ የነበረ መኪና ላይ ድፍን ክዳን ቢገጠም ምን ይሆናል? መጀመሪያ ምንም አይሆንም። ከተማ ውስጥ ወጣ ገባ ሲሉ አይታወቅም። ረጅም መንገድ ሲወጡ፣ በተለይ ጭነት ይዞ ዳገት ላይ፣ መኪናው ጉልበት ያጣል፤ ከዚያ ይጠፋል። ቆመው ሻይ ጠጥተው ሲመለሱ ይነሳል። ፊልትሮ ይቀየራል፣ ፖምፓ ይፈታል፣ ኖዝል ይጸዳል፤ ችግሩ ግን ክዳኑ ነው። በዚህ ዓይነት መኪና ላይ ክዳኑን ሲያዞሩት አየሩ «ፉፉፉ…» ብሎ ወደ ውስጥ ሲገባ ይሰማል፤ ሳልባትዮውም ወደ ውስጥ ጎድጉዶ ሊገኝ ይችላል።

የአገራችን መልክዓ ምድር ይህን ያባብሰዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ናት፤ ሎግያና ሰመራ ግን 400 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ጠዋት ሸገር ላይ የተዘጋ ክዳን ማታ ሎግያ ሲደርስ በውጭ ያለው የአየር ግፊት ከሩብ በላይ ጨምሮ ይጠብቀዋል፤ ሞተሩ እየሳበ ያጎደለው ሳይቆጠር ማለት ነው። ሲመለሱ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ውስጥ የታፈነው አየር ለመውጣት ይገፋል፤ ክዳኑን በአንዴ ሲከፍቱት ነዳጅ ፊት ላይ ሊረጭ ይችላል። ለዚህ ነው ሁለት ደረጃ ያለው፣ መጀመሪያ ትንሽ ዞሮ ትንፋሹን የሚለቅ፣ ከዚያ የሚወጣ ክዳን ለቆላ መንገድ የሚመረጠው። ሞልቶ መሄድም እንዲሁ ነው፤ በአዲስ አበባ ብርድ እስከ አፉ የተሞላ 80 ሊትር ቤንዚን 15 ዲግሪ ሲሞቅ ወደ አንድ ሊትር ያህል ይጨምራል። አፍንጫው «ቋ» ብሎ ሲያቆም ይብቃዎት፤ ቀጂውን «ጨምር፣ ጨምር» አይበሉት።

ተቃራኒው ስሕተትም አለ። ዝግ ክዳን የሚፈልግ የቤንዚን መኪና ላይ ሁልጊዜ ክፍት ቀዳዳ ያለው ክዳን ከተደረገ ቤንዚኑ ይተናል፣ ጋቢናው ይሸታል፣ የቼክ ኢንጂን መብራት ይበራል። ከአሜሪካ የመጣ ታኮማ ወይም ሌላ ከ1996 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሠራ የቤንዚን ፒካፕ ላይ መብራቱ ክዳን በተቀየረ ማግስት ከበራና በኮምፒውተር ሲታይ ፒ0455 ወይም ፒ0457 የሚል ኮድ ከወጣ፣ ሌላ ነገር ከማስፈታትዎ በፊት ክዳኑን ይጠርጥሩ። ክዳኑ ከተስተካከለም በኋላ መብራቱ ወዲያው አይጠፋም፤ ጥቂት ቀን መነዳት ይፈልጋል። አሜሪካ ለምትኖሩ፣ ካሊፎርኒያን በመሳሰሉ ስቴቶች የጭስ ምርመራው ክዳኑንም ስለሚያይ ርካሽ ክዳን ምርመራ ላይ ሊጥላችሁ ይችላል።

የእርስዎ መኪና የትኛው ነው? የድሮውን ክዳን ገልብጠው ይዩት። ውስጡ ስፕሪንግ ያላት ትንሽ ቫልቭ ወይም ቀዳዳ ካለች በክዳኑ ይተነፍሳል፤ አዲሱም እንደዚያው መሆን አለበት። ምንም ከሌለው የመተንፈሻ ቱቦ ይፈልጉ። ቱቦውን ካገኙት ጫፉ በጭቃ አለመደፈኑን ይዩ፤ የተደፈነ ቱቦ ልክ እንደ መጥፎ ክዳን ነው የሚያደርገው፤ ሰው በከንቱ ክዳን ሲለዋውጥ ይከርማል።

4. ጎሚኒው

ጎሚኒው፣ ማለትም ክዳኑ ስር ያለው ጎማ፣ ነዳጅ የሚችል መሆን አለበት። የጎማ ዓይነት ብዙ ነው፤ ናይትራይል የሚባለው ለነዳጅ ይሆናል፤ ቫይተን የሚባለው ከዚያም ይሻላል። ተራ ጎማ ግን ነዳጅ ሲነካው ያብጣል፤ ካበጠ በኋላ ክዳኑ ወይ አይዘጋም ወይ አይከፈትም። በዓይን አይለይም። ከሻጩ ትርፍ ጎሚኒ ለምነው ወይም ገዝተው በቤንዚን ወይም በናፍጣ ውስጥ ለሁለት ሦስት ቀን ይንከሩትና ካልተነከረው ጋር ያስተያዩት።

ጎሚኒ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ላቫጆ ላይ ግን ዋጋው ይታወቃል። በግፊት የሚረጨው ውሃ በተሰነጠቀ ጎሚኒ በኩል ይገባል፤ ውሃ የገባበት ናፍጣ ደግሞ የዘመናዊ ናፍጣ ሞተርን ኢንጀክተር ያበላሻል። የኢንጀክተር ዋጋ የጠየቀ ሰው ስለ ጎሚኒ አይከራከርም።

5. አሁን ቁልፉ

ጥሩ ክዳን ሲቆለፍ ውጫዊው አካሉ ብቻውን ይሽከረከራል፤ ውስጡ ያለው ጥርስ አይነቃነቅም። ሌባው ያዞረዋል፣ ያዞረዋል፣ ምንም አይመጣም። ርካሹ ደግሞ ሲቆለፍ እንዳለ ድርቅ ይላል፤ በፒንሳ ይዞ በኃይል ለሚያዞር ሰው ጉልበት የሚያሳርፍበት ቦታ ይሰጠዋል። ስለዚህ የሚሽከረከረውን ይምረጡ። ሲሞክሩት ወደ ላይ እየሳቡ፣ ወደ ጎንም እያዘነበሉ ያዙሩት፤ በዚያን ጊዜ ውስጡን ይዞ የሚያዞረው ከሆነ ይተዉት።

የብረት ነው ወይስ የፕላስቲክ? ብረት ያስተማምናል የሚል ብዙ ነው። በእኔ ግምት ወፍራም፣ ነዳጅ የሚችል ፕላስቲክ ከቀጭን ኒኬል ከተቀባ ቅይጥ ብረት ይሻላል፤ ኒኬሉ ይላጣል፣ ቅይጡም መዶሻ ሲያርፍበት ይሰነጠቃል። ትልቁ ቁም ነገር የቁልፉ ማኅደር፣ ማለትም ቁልፉ ገብቶ የሚዞርበት ክፍል ነው። እሱ ናስ ቢሆን፣ የቁልፉ ቀዳዳም በስፕሪንግ የምትመለስ መሸፈኛ ቢኖረው ይመረጣል። በአቧራ መንገድ ላይ መሸፈኛ የሌለው ቁልፍ ክረምት ሳይመጣ ይነክሳል፤ አልዞር ይላል።

ሌላው የሚታየው ቁልፉ ከክዳኑ መቼ እንደሚወጣ ነው። አንዳንዱ ክዳን ቁልፉን የሚለቀው በትክክል ገጥሞ ሲቆለፍ ብቻ ነው። ይህን አጥብቄ እመክራለሁ። የነዳጁ ቁልፍ ከሞተር ማስነሻው ቁልፍ ጋር በአንድ ቀለበት ከታሰረ፣ ክዳኑን መኪናው ጣሪያ ላይ ወይም ፓምፑ አናት ላይ ረስቶ መሄድ አይቻልም፤ መኪናው አይነሳማ። ከዚያም በላይ ሹፌሩ ሞተር ሳያጠፋ መቅዳት አይችልም፤ ይኸም ራሱን የቻለ ጥቅም ነው።

አንዳንድ የፋብሪካ የቁልፍ ስብስቦች በሩን፣ ማስነሻውንና የነዳጁን ክዳን በአንድ ቁልፍ የሚከፍቱ ናቸው። ከተገኘ ጥሩ ነው፤ ያገለገለ ስብስብ ሲገዙ ግን የድሮው ባለቤት ቁልፍ የት እንዳለ ማንም አያውቅም።

6. መለዋወጫ ገበያው፣ ሶማሌ ተራ ላይ

የድሮውን ክዳን አሳይተው «የዚህ ቁልፍ ያለው» ሲሉ ሻጩ አንድ ያወጣል። «ኦሪጅናል ታይዋን ነው የኔ ወንድም፣ ለራሴ መኪና ያደረግኩት እሱን ነው» ይልዎታል። ለራሱ መኪና ስላደረገው ክዳን የሚያወራ ሻጭ መኪና ይኑረው አይኑረው መጠየቅ ነውር ነው፤ ዝም ብለው ሁለተኛ ያስወጡት፤ ከዚያው ካርቶን።

ሁለቱን ባንኮኒው ላይ ያስቀምጡና የአንደኛውን ቁልፍ በሁለተኛው ውስጥ ይክተቱ። ከከፈተው አለቀ፤ የሚገዙት ቁልፍ ከተማው ሁሉ የያዘውን ነው። ካልከፈተው ሦስተኛም ይሞክሩ። ርካሽ ክዳኖች የሚሠሩት በጣት በሚቆጠር የጥርስ ዓይነት ስለሆነ ይህ ሙከራ ከየትኛውም የካርቶን ጽሑፍ የበለጠ እውነት ይነግርዎታል። ሻጩ ሊቆጣ ይችላል፤ ዕቃውን የሚያምን ሻጭ ግን ራሱ ይሞክርልዎታል።

ቀጥሎ የቁልፍ ቁጥር ክዳኑ ፊት ላይ ተቀርጾ እንደሆነ ያስተውሉ። ካለ ለራስዎ ይጻፉትና ከክዳኑ ላይ በሞረድ ፍቀው ያጥፉት፤ ያንን ቁጥር ያነበበ ሰው ቁልፍ ማስቀረጽ ይችላል። ቢያንስ ሁለት ቁልፍ መኖሩን፣ ሁለቱም መሥራታቸውን እዚያው ያረጋግጡ። ጎሚኒው፣ ቫልቩ፣ የጥርሱ ልክ ከድሮው ጋር ጎን ለጎን ይታይ። መኪናው አጠገብ ከቆመ ገጥሞ ማየት ይሻላል፤ ሩቅ ከቆመ «ካልገጠመ እመልሳለሁ» የሚለውን ከመክፈልዎ በፊት ይስማሙ።

7. ገጥሞ መፈተሽ

የመሙያውን አፍ በንጹሕ ጨርቅ ዙሪያውን ይጥረጉ። ክዳኑን መጀመሪያ ወደ ግራ በቀስታ አዙረው ጥርሱ ሲቀመጥ ይስሙት፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ያዙሩት፤ በግድ ከሄደ ጥርስ ስቷል ማለት ነው። ሲዘጋ የጎን በሩ ያለ ጭቅጭቅ መዘጋት አለበት፤ ቁልፍ ያለው ክዳን ከድሮው ከፍ ስለሚል በሩ አልገጥም የሚልበት ጊዜ አለ።

ከዚያ አንድ ሰዓት ያህል ይንዱ፤ ዳገት ቢኖረው ይመረጣል። ሲቆሙ ጆሮዎን ጠጋ አድርገው (ፊትዎን ግን ወደ ሌላ ጎን አዙረው) ክዳኑን ቀስ ብለው ይክፈቱ። በናፍጣ መኪና ምንም ድምፅ አለመኖሩ ወይም ትንሽ «ፍስ» ማለቱ ደኅና ነው። አየር እየጮኸ ወደ ውስጥ ከገባ ክዳኑን ይመልሱ፤ «ይለምዳል» የሚባል ነገር የለም። በቤንዚን መኪና በሙቀት ጊዜ ወደ ውጭ ትንሽ መተንፈሱ የተለመደ ነው። በመጨረሻ በከፊል የተሞላውን መኪና ዘቅዛቃ ቦታ ላይ፣ የመሙያው ጎን ወደ ታች ሆኖ ያቁሙትና ክዳኑ ዙሪያ እርጥበት ይኑር አይኑር በነጭ ሶፍት ይዩ።

8. ቁልፉ ማን ጋር ይሁን?

መኪናውን ራስዎ የሚነዱት ከሆነ ይህን ይዝለሉት። ሹፌር ቀጥረው የሚያሠሩ ወይም የድርጅት መኪና የሚያስተዳድሩ ከሆነ ግን ክዳን ከመግዛት ይልቅ የሚከብደው ይኸ ነው።

ቁልፉ ቢሮ ይቀመጥ የሚል አለ። ሹፌሩ ሌሊት ደብረ ብርሃን ላይ ነዳጅ ሲያገኝ ቁልፉ አዲስ አበባ መሳቢያ ውስጥ ከሆነ ያ ውሳኔ አይሠራም። ቁልፉ ሹፌሩ ጋር ብቻ ይሁን ሲባል ደግሞ ክዳኑ የሚከለክለው የውጭ ሰውን ብቻ ነው። የሚሠራው አካሄድ እንዲህ ነው፦ አንዱ ቁልፍ ከማስነሻው ጋር ሹፌሩ ዘንድ ይሁን፤ ሁለተኛው በታሸገ ፖስታ፣ ቀን ተጽፎበት ተፈርሞበት ቢሮ ይቀመጥ። ቁጥጥሩን ከቁልፉ ላይ አንስተው ወደ መዝገቡ ያዙሩት፤ ሞልቶ ከመነሳት እስከ ሞልቶ መቅዳት ስንት ኪሎ ሜትር ተነዳ፣ ስንት ሊትር ገባ። በቴሌብር ሲከፈል ቀኑና መጠኑ ስለሚቀመጥ ማስተያየቱ ቀሏል። ለጥቂት ወር ከተያዘ የመኪናው ልማድ ይታወቃል፤ ከልማዱ የወጣ ቀን ሲመጣ ያን ጊዜ ይጠየቃል።

ይህ ለሹፌሩም ነው። ዘበኛ በቀዳው ነዳጅ ስሙ የሚነሳው ሹፌሩ ነው፤ የሚቆለፍ ክዳንና ንጹሕ መዝገብ ካለ የሚከራከርበት ነገር አለው። ክዳኑን ሲያስገጥሙ እሱ ባለበት አስገጥሙ፤ አላምንህም ለማለት የመጣ ዕቃ እንዳይመስለው።

9. እንዳይነክስ፣ ቢነክስም

ቁልፉ ውስጥ ዘይት ወይም ግሪስ አይጨምሩ፤ አቧራ ይዞ ጭቃ ይሆናል። የመጻፊያ እርሳስን ጥቁር ውስጥ ፈጭቶ ቁልፉን በብናኙ ነክሮ ገባ ወጣ ማድረግ ይበቃል። ጎሚኒው በዓመት አንድ ጊዜ ይታይ፤ የተሰነጠቀ ወይም የጠፈጠፈ ከሆነ ይቀየር።

ቁልፉ ውስጡ ከተሰበረ ወይም ሁለቱም ከጠፉ የጋራዥ ልጆች ግራይንደር ይዘው እንዳይመጡ። ቤንዚን ባለበት አፍ ላይ ብልጭታ የሚያወጣ ማንኛውም መሣሪያ፣ የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያን ጨምሮ፣ አይቀርብም። የባትሪውን ኔጋቲቭ ያስነቅሉ፣ መኪናው ክፍት ሜዳ ላይ ይቁም፣ ሲጋራ የያዘ ይራቅ። የቁልፍ ባለሙያ ካለ ማኅደሩን በእጅ ይከፍተዋል። ካልሆነ የፕላስቲክ ክዳን ውጫዊ ቅርፊቱ በእጅ መሣሪያ ቀስ እያለ ተነቅሎ ውስጡ በፒንሳ ይዞራል፤ የተሰባበረው ፍርፋሪ ወደ ውስጥ እንዳይወድቅ ዙሪያው በእርጥብ ጨርቅ ይከበባል። የድሮውን የፋብሪካ ክዳን ካልጣሉት እስከዚያው እሱን መልሰው ይገጥማሉ፤ ስለዚህ አዲሱን በገዙ ቀን አሮጌውን ጠራርገው ከመቀመጫው ኋላ ያስቀምጡት።